ወዳጅንና ጠላትን ሳይለዩ መምታት አይገባም

ብዙ ሰዎች በቅጠል ላይ የሚሄደው ፍጥረት ሁሉ ጠላት ይመስላቸዋል። ትል ያዩ እንደ ሆነ ይረግጣሉ፤ ጥንዚዛ ያዩ እንደ ሆነ ይጨፈልቃሉ፤ ተርብ ያዩ እንደ ሆነ ጎጆዋን ያቃጥላሉ። እንዲህ ያለው ሥራ ትጋት ይመስላል፤ ነገር ግን ሳይመረምሩ መፍረድ ነው። ሳይመረምር የሚፈርድ ዳኛ ንጹሑን ሰው ከወንበዴው ጋር ይቀጣል። እንዲሁም ሳይመረምር ተባይ የሚገድል ገበሬ የእርሻውን ዘበኞች በገዛ እጁ ይገድላል። ይህ ነገር እውነት መሆኑን ለማወቅ በወላይታ አገር የሚበቅለውን በርበሬ መመልከት ይበቃል።

የሶዶ ከተማ በዳሞታ ተራራ ሥር ናት። ከዚያ ወደ ሁምቦ የወረደ ሰው ምድሩ እየሞቀ ሲሄድ ያያል፤ ከዚያም ወዲያ የአባያ ሐይቅ አለ። በየቤቱ አጠገብ እንሰት ይተከላል፤ ወላይቶችም ኡታ ይሉታል። ከእንሰቱ ቀጥሎ ጐመን፥ ጎደሬ፥ ድንችና በርበሬ ይገኛሉ። በርበሬ ሙቀት ስለሚወድ ከብርዱ ደጋ ይልቅ በወይና ደጋና በቆላ ይበረታል። በመስከረም የጊፋታ በዓል በደረሰ ጊዜ በርበሬው ከነጭ ሽንኩርትና ከሌላ ቅመም ጋር ተፈጭቶ ዳጣ ይሆናል፤ ከሥጋም ጋር ይበላል። ነገር ግን በርበሬ ማጣፈጫ ብቻ አይደለም። ወደ ገበያ ወጥቶ ሲሸጥ ጨው ይገዛል፤ ልብስ ይገዛል፤ ለልጆችም ደብተር ይገዛል። ስለዚህ የአንድ መደብ በርበሬ መጥፋት ትንሽ ነገር አይደለም። በርበሬው የጠፋበት ቤት ልጅ ከትምህርት ቤት የሚቀርበት ጊዜ አለ።

የበርበሬ ፍሬ ያቃጥላል። የሚያቃጥለው ነገር በብዛት የሚገኘው በፍሬው ውስጥ፥ ዘሩ በተጣበቀበት ነጭ ሥጋ ላይ ነው። ወፎች ግን ማቃጠሉ አይሰማቸውም፤ ስለዚህ ፍሬውን በልተው ዘሩን በየሜዳው ይበትናሉ። ፈጣሪ ለተክሉ ዘሪዎቹን እንዲህ አድርጎ መረጠለት። ይሁን እንጂ የበርበሬ ቅጠል እንደ ፍሬው አያቃጥልም። ትልቁን ሰው የሚያስለቅሰው ተክል ከሰሊጥ ፍሬ በምታንስ ተባይ የሚሸነፈው ስለዚህ ነው።

ያችም ተባይ ክሽክሽ ትባላለች። ክሽክሽ በለጋው ቅጠል ሥር ተሰብስባ እንደ መርፌ በቀጠነ አፏ የተክሉን ውሃ ትመጥጣለች። ቅጠሉም ይጨማደዳል፤ እድገቱም ይቆማል። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ሌላ ነው። ከታመመው ተክል ወደ ጤነኛው በምትዛወርበት ጊዜ በሽታ ይዛ ትሄዳለች፤ በበሽታው የተያዘ በርበሬ ቅጠሉ ዝንጉርጉር ይሆናል፤ ፍሬውም ያንሳል። የክሽክሽ አረባብ የሚያስደንቅ ነው። እናቲቱ ያለ ወንድ ልትወልድ ትችላለች፤ ልጆቿም ምድር በሞቀ ጊዜ በሳምንት ወይም በዐሥር ቀን ራሳቸው እናቶች ይሆናሉ። እንግዲህ የሚከለክላት ባይኖር ኖሮ ዓለምን በሞላች ነበር።

ነገር ግን የሚከለክላት አለ። ጀርባዋ ቀይ ሆኖ ጥቁር ነጠብጣብ ያለባት ትንሽ ጥንዚዛ የክሽክሽ ጠላት ናት። ይህች ጥንዚዛ በአንድ ቀን ብዙ ክሽክሽ ትበላለች፤ ልጇም ጥንዚዛ እስክትሆን ድረስ በመቶ የሚቈጠር ክሽክሽ ትጨርሳለች። ደግሞ ንብ የምትመስል፥ በአየር ላይ ቆማ የምትንሳፈፍ ዝንብ አለች። እርሷ ራሷ የአበባ ማር ትቀስማለች፤ እንቁላሏን ግን በክሽክሽ መካከል ትጥላለች፤ ከእንቁላሉ የሚወጣው ትልም ክሽክሹን ይበላል። ደግሞ ዐይን በጭንቅ የሚያያት ትንሽ ተርብ አለች። ይህች ተርብ ሰውን አትነድፍም። እንቁላሏን በክሽክሹ ሆድ ውስጥ ታስቀምጣለች፤ ልጇም ክሽክሹን ከውስጥ በልታ ቆዳውን በስታ ትወጣለች። በቅጠል ላይ አብጦና ደርቆ የቀረ ቡናማ ክሽክሽ የተገኘ እንደ ሆነ ያች ተርብ በዚያ ሥራዋን ሠርታለች ማለት ነው። ሸረሪትም በአትክልቱ መካከል ድሯን ዘርግታ የሚበርረውን ተባይ ትይዛለች። አበው ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዳሉ፥ እነዚህ ሁሉ አንድ በአንድ ደካሞች ሲሆኑ በአንድነት የክሽክሽን ሠራዊት ያስራሉ።

መልክ ግን ሰውን ያሳስታል። የቀይዋ ጥንዚዛ ልጅ እናቷን አትመስልም፤ ጥቁርና ሻካራ፥ ረዘም ያለች፥ ስድስት እግር ያላት ናት። የማያውቅ ልጅ አስቀያሚ ተባይ ናት ብሎ ይጨፈልቃታል። በጐመን ላይ የምትበር ነጭ ቢራቢሮን ግን ውብ ናት ብሎ ይተዋታል፤ የእርሷም ትሎች ጐመኑን እንደ ወንፊት ይበሱታል። እንኪያስ አስቀያሚዋ ዘበኛ ናት፤ ውቢቱም የሌባ እናት ናት።

ገብረ ጉንዳንም ሌላ ትምህርት ይሰጣል። ሰዎች ትጋትን ለማስተማር ገብረ ጉንዳንን ያመሰግናሉ፤ ማመስገናቸውም መልካም ነው። ዳሩ ግን ክሽክሽ ከሰውነቷ ጣፋጭ ፈሳሽ ታወጣለችና ጉንዳኖች ያንን ለመላስ ክሽክሽን እንደ ላም ይጠብቃሉ፤ ቀይዋ ጥንዚዛ በመጣች ጊዜ ነክሰው ያባርሯታል። ስለዚህ ትጋት ብቻውን አይበቃም። ማንን ለመጥቀም እንደሚተጉ ማወቅ ደግሞ ያስፈልጋል።

አሁን ስለ መርዝ መናገር ይገባል። በገበያ የሚሸጠውን የተባይ መርዝ ሰዎች መድኃኒት ይሉታል። ስሙ ራሱ ያታልላል። መድኃኒት የታመመውን ያድናል፤ ይህ ግን ይገድላል እንጂ አያድንም። ደግሞም ብዙው መርዝ ክሽክሽን ከጥንዚዛ፥ ጥንዚዛንም ከንብ አይለይም። መርዙ በተረጨ ማግሥት ማሳው ንጹሕ ሆኖ ይታያል፤ ገበሬውም ደስ ይለዋል። ነገር ግን ጥቂት ክሽክሾች በቅጠል ሥር ተሸሽገው ይተርፋሉ። ክሽክሽ በቶሎ ትራባለች፤ ጥንዚዛ ግን በዝግታ ትራባለች። ስለዚህ ክሽክሾቹ ጠባቂ በሌለው ማሳ ከፊተኛው ይልቅ በዝተው ይመለሳሉ። ገበሬውም ሁለተኛ ይረጫል፤ ሦስተኛም ይረጫል። ከሞት የተረፉትም መርዙን የሚችሉት ናቸውና ልጆቻቸው መርዙን እየለመዱት ይሄዳሉ። በመጨረሻም የገንዘብ ከረጢቱ ይራቆታል፤ ክሽክሽ ግን አለች።

ይህ ስሕተት በታላላቅ አገሮችም ተደርጓል። በ1932 ዓ.ም. ጳውል ሙለር የተባለ የስዊስ ሊቅ ዲ.ዲ.ቲ. የተባለው ነገር ነፍሳትን እንደሚገድል አገኘ፤ በ1941 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ዲ.ዲ.ቲ. ከወባና ከተስቦ ብዙ ሰው አድኗል። ሰዎች ግን ተባይ ሁሉ ድል የሆነ መስሏቸው በእርሻ ላይ ያለ ልክ ረጩት። ከጊዜ በኋላ ብዙ ተባዮች ለመዱት፤ መርዙም በአፈርና በውሃ፥ በወፎችና በሰው ሰውነት ውስጥ ተጠራቅሞ ተገኘ። ስለዚህ በ1993 ዓ.ም. በስቶክሆልም ከተማ የተፈረመው የመንግሥታት ስምምነት ወባን የመሰለ በሽታ የሚያስተላልፉትን ነፍሳት ለመከላከል ካልሆነ በቀር በዲ.ዲ.ቲ. መጠቀምን ከለከለ።

በነፍሳት ረዳትነት የዳኑ እርሻዎችም ብዙ ናቸው። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ አገር አንድ ተባይ የብርቱካኑን ተክል ሊያጠፋው በደረሰ ጊዜ፥ በ1881 ዓ.ም. አልበርት ኬበለ የተባለ ሰው የተባዩን ጠላት ከአውስትራሊያ ላከ። የላካቸውም 500 ያህል ትንንሽ ጥንዚዛዎች ነበሩ። እነርሱም ተራብተው የአገሩን ብርቱካን አዳኑ። በአፍሪካም ካሳቫን የሚያጠፋ ተባይ ተነሥቶ በብዙ አገር ራብ አስፈራ። ይህን ተክል ወላይቶችም ያውቁታል። ሊቃውንት ተባዩ ወደ መጣበት ወደ ደቡብ አሜሪካ ሄደው ተባዩን የምትገድል ትንሽ ተርብ አገኙ፤ ከ1974 ዓ.ም. ጀምሮም በአፍሪካ ለቀቋት። ይህን ሥራ የመራው ሃንስ ሄረን በ1988 ዓ.ም. የዓለም የምግብ ሽልማት ተቀበለ። በ2009 ዓ.ም. መጤ ተምች ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ በቆሎ በበላ ጊዜም መርማሪዎች በተምቹ ላይ የምትኖር አገር በቀል ተርብ አገኙ። ማንም ሳያዛት ሥራዋን ጀምራ ነበር።

ለወላይታ ቅርብ የሆነ ምሳሌም አለ። ከ2005 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ዓመታት በአርባ ምንጭ አካባቢ ያሉ የጥጥ ገበሬዎች ከበቆሎ የተዘጋጀ ምግብ በጥጡ ላይ መርጨት ተማሩ። የረጩት መርዝ አይደለም፤ ለጠቃሚዎቹ ነፍሳት የቀረበ ግብዣ ነው። ነፍሳቱም በምግቡ ሽታ ተጠርተው ይመጣሉ፤ ከመጡም በኋላ ተባዩን ይበላሉ። ለጥጥ የሆነው ጥበብ የበርበሬን ገበሬም ሊያስተምረው ይችላል።

ምናልባት አንድ ሰው፣ ድኻ ገበሬ ጥንዚዛ እስክትመጣ ድረስ እንዴት ይታገሣል? ይል ይሆናል። ጥያቄው ትክክል ነው፤ በንቀት ሊመለስ አይገባውም። ጠባቂዎቹ ሁልጊዜ ከሌባው ኋላ ይመጣሉ፤ የሚበሉት ሳይኖር አይመጡምና። ስለዚህ ጥቂት ቅጠል መጥፋቱ አይቀርም። ደግሞም በሽታን የያዘች ክሽክሽ በጥቂት ጊዜ ውስጥ በሽታውን ታስተላልፋለች፤ ይህን ጥንዚዛም መርዝም ፈጽመው ሊከለክሉት አይችሉም። መታገሥ ማለት ግን እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም።

ትጉህ ገበሬ በርበሬን ከድንችና ከቲማቲም በኋላ በዚያው ምድር አይተክልም፤ ዘመዶች ናቸውና በሽታቸውና ተባያቸው በብዙው አንድ ነው። ችግኙን በመደብ ላይ ሳለ በስስ መረብ ይጋርደዋል። ሲያዛውረውም አያጨናንቀውም፤ በመስመርና በመስመር መካከል 70 ሳንቲ ሜትር፥ በተክልና በተክል መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ይተዋል። የታመመውን ተክል ቶሎ ነቅሎ ከማሳው ያርቃል። ክሽክሽ የበዛበትን ቅጠል በእጁ ቀጥፎ ያጠፋል። በማሳው ዳር ጥቂት ድምብላልና እንስላል ዘርቶ እስኪያብቡ ድረስ ይተዋቸዋል፤ ተርቧና ዝንቧ የአበባውን ማር ለመቅሰም ይመጣሉና። ከሁሉም በላይ በየማለዳው ቅጠሉን ገልብጦ ይመለከታል።

ይህን ሁሉ አድርጎ ተባዩ ያየለበት ገበሬ መርዝን በመጨረሻ ይፈልግ ይሆናል። ያን ጊዜም በገበያ ከተገኘው ሰው ሁሉ መግዛት አይገባውም። የኢትዮጵያ ሕግ በ2002 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 674 መሠረት የተባይ መርዝ እንዲመዘገብና እንዲቈጣጠሩት አዝዟል። ስለዚህ የግብርናውን ባለሙያ ጠይቆ፥ በተነገረው ልክ፥ ንቦች በማይሠማሩበት ሰዓት መጠቀም ይገባዋል። ልጆች መርዝ መያዝ የለባቸውም። የመርዙም ዕቃ ታጥቧል ተብሎ ለውሃ ወይም ለዘይት አይሆንም።

ልጆች ግን ከዚህ የሚሻል ሥራ አላቸው፤ ዐይናቸው የጠራ ነውና። አንድ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የእናቱን በርበሬ ቅጠል ገልብጦ ክሽክሽን ከጥንዚዛ ልጅ ለይቶ ቢያሳይ ለቤቱ ታላቅ ጥቅም ያመጣል። እንዲህ ያለው ልጅ በሰው መካከልም ለመፍረድ አይቸኩልም። የጓደኛውን ልብስ መጐሳቈል አይቶ አይንቀውም፤ የሌላውንም መልክ ማማር አይቶ አያምነውም፤ ሥራውን እስኪያይ ድረስ ይጠብቃል።

ልጆች ሆይ፥ እጅ ከመምታቱ በፊት ዐይን ይመልከት። ወዳጁን የገደለ ሰው ጠላቱን ብቻውን ይጋፈጣልና።