ለፉትቦል ማናጀር ይህ ሁሉ ገንዘብ ይገባዋልን?

የእግር ኳስ አሰልጣኝነትን በኮምፒውተር የሚያጫውተው «ፉትቦል ማናጀር» የ2026 እትሙን እ.ኤ.አ ኖቬምበር 4 ቀን 2025 ለገበያ አቅርቧል፡፡ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲጠብቁ የቆዩት ደጋፊዎቹ ግን እንደተጠበቀው በእልልታ አልተቀበሉትም፡፡ ጌሙ በሚሸጥበት ስቲም በተሰኘው የኢንተርኔት ገበያ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከተጻፉት አስተያየቶች አብዛኞቹ ወቀሳዎች ነበሩ፡፡ አዲሱ ገጽታ ግራ ያጋባል፣ ድሮ በአንድ ጠቅታ የሚገኘው ነገር አሁን ተደብቋል፣ ጌሙም ስህተት ይበዛበታል የሚሉ ናቸው፡፡

ይህ የመጀመሪያው ችግር ቢሆን ኖሮ ብዙም ባላነጋገረ፡፡ ከዚህ በፊት የ2025 እትም ሁለት ጊዜ ቀኑ ከተራዘመ በኋላ በፌብሯሪ 2025 ጭራሽ ተሰርዟል፡፡ ቀድመው ለከፈሉ ደንበኞች ገንዘባቸው ተመልሷል፡፡ ለሥራው የወጣው ወጪ ግን ምንም ሳይሸጥ ቀረ፡፡ እንግዲህ ጥያቄው የሚነሳው እዚህ ላይ ነው፡፡ የጃፓኑ ሴጋ ኩባንያ ለዚህ ጌም ትልቅ በጀት መመደቡን መቀጠል አለበት ወይስ ይበቃዋል?

መጀመሪያ ጌሙ የማን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል፡፡ ፉትቦል ማናጀር በፕሌይስቴሽን ቤት ተሰልፈው በየተራ እንደሚጫወቱት ጌም አይደለም፡፡ ኳሷን የሚመታት ተጫዋቹ አይደለም፡፡ አሰላለፍ ይመርጣል፣ ዝውውር ይደራደራል፣ ደመወዝ ይቆርጣል፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ ያያል፡፡ አብዛኛው ሰዓት የሚያልፈው ስምና ቁጥር በተደረደረበት ስክሪን ላይ ነው፡፡ ለዚህ ትዕግስት ያለው ሰው ጥቂት ነው፤ ያለው ግን በቀላሉ አይላቀቅም፡፡

ጅማሬው እ.ኤ.አ በ1992 ነው፡፡ ፖልና ኦሊቨር ኮሊየር የተባሉ እንግሊዛውያን ወንድማማቾች «ቻምፒዮንሺፕ ማናጀር» በሚል ስም አወጡት፡፡ ኩባንያቸው ስፖርትስ ኢንተራክቲቭ ከአሳታሚው ኤይዶስ ጋር በ2003 ተለያየና በ2004 መጨረሻ በሴጋ በኩል ፉትቦል ማናጀር የሚለውን ስም ይዞ ብቅ አለ፡፡ በ2006 ደግሞ ሴጋ ኩባንያውን ጠቅልሎ ገዛው፡፡ ስሙን ያስቀረው ኤይዶስ ለብቻው ሞክሮ ብዙም አልገፋበትም፡፡ ኢኤ ስፖርትስ በበኩሉ «ፊፋ ማናጀር» የሚል ተፎካካሪ ነበረው፤ እሱም በ2013 ከወጣው እትም በኋላ ቆመ፡፡

ስለዚህ ሴጋ ዛሬ እጁን ቢሰበስብ በዚህ ደረጃ ቦታውን የሚረከብ ሌላ የለም፡፡

«ገንዘቡ ይቁም» የሚሉ ወገኖች ምክንያት አላቸው፡፡ ፉትቦል ማናጀር የተወደደው በመልኩ አይደለም፡፡ ግጥሚያው በሦስት አቅጣጫ በሚታይ ምስል መቅረብ የጀመረው በ2009ኙ እትም ነው፤ ከዚያ በፊት ተጨዋቾቹ ክብ ነጠብጣብ ነበሩ፡፡ ሰው ግን ነጠብጣቦቹን እያየ ሌሊቱን ያነጋ ነበር፡፡ አሁን ጌሙ ዩኒቲ ወደተባለ አዲስ ሶፍትዌር እንዲዛወር የተደረገው በአመዛኙ ለመልክና ለእንቅስቃሴ ነው፡፡ ይኸው ዝውውር ነው የ2025ቱን እትም ያስቀረው፡፡ ታዲያ ደጋፊው ያልጠየቀውን ነገር ለመስጠት ደጋፊው የሚወደውን ማበላሸት ምን ይባላል?

ተመሳሳይ ስህተት ከዚህ በፊት ታይቷል፡፡ ኮናሚ ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከርን ወይም ልጆቹ «ፔስ» የሚሉትን ጌም በ2021 ሶፍትዌሩንም ስሙንም ለውጦ «ኢፉትቦል» ብሎ አወጣው፡፡ ያልተጠናቀቀ ጌም ስለነበር የተጨዋቾቹ ፊት ለዓለም መሳለቂያ ሆነ፤ ኩባንያውም ይቅርታ ጠየቀ፡፡ ኢፉትቦል በኋላ በነፃ በሚጫወቱ የሞባይል ደንበኞች ተነስቷል፡፡ ማስተር ሊግ እያለ ያደገው የድሮው የፔስ ወዳጅ ግን ያንን ጌም መልሶ አላገኘውም፡፡

በሌላ በኩል «ይቀጥል» የሚሉትም ባዶ እጃቸውን አይደሉም፡፡ የ2024 እትም ከ7 ሚሊዮን በላይ ተጫዋቾችን አግኝቷል፡፡ እርግጥ ነው ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ ጌሙን ለብቻው አልገዙም፤ በወር ክፍያ በሚሰሩ አገልግሎቶች በኩል ያገኙት ናቸው፡፡ ቢሆንም ለዚህ ዓይነቱ ጌም ቁጥሩ ቀላል አይደለም፡፡ ሴጋ ገንዘቡን ሌላ ቦታ ሲያፈስ ምን እንዳተረፈም ይታወቃል፡፡ በታሪኩ ትልቁን በጀት እንደወሰደ የተነገረለትን «ሃይናስ» የተባለ የተኩስ ጌም ሴፕቴምበር 2023 ላይ ሳይወጣ ሰርዞታል፡፡ በማርች 2024 ደግሞ በአውሮፓ 240 የሚሆኑ የሥራ ቦታዎችን አጥፏል፡፡ ደንበኛው ገና ለማይታወቅ ጌም ያን ያህል የደፈረ ኩባንያ ከ30 ዓመት በላይ ደንበኛ ላለው ጌም ቢሰስት ያስተዛዝባል፡፡

ከገንዘቡ ሌላ ደግሞ እግር ኳሱ ራሱ አለ፡፡ ጌሙ በዓለም ዙሪያ ከ1 ሺህ በላይ ሰዎች ተጨዋቾችን እየተመለከቱ መረጃ የሚያቀብሉት ነው፡፡ ኤቨርተን በ2008 ይህንን መረጃ ለተጨዋች ፍለጋ ለመጠቀም ተዋውሏል፡፡ መረጃው ሁልጊዜ ልክ ነው ማለት አይደለም፤ ፍሬዲ አዱን የዓለም ኮከብ አድርጎ የሸጠን ይኸው ጌም ነው፡፡ በጌሙ ያደገው ዊል ስቲል ግን ገና በ30 ዓመቱ የፈረንሳዩን ሬምስ ተረክቦ በ17 የሊግ ጨዋታዎች ሳይሸነፍ ቆይቷል፡፡ በጃንዋሪ 2023 በፓርክ ደ ፕሪንስ ፒኤስጂን በባከነ ሰዓት በባሎገን ጎል 1 ለ 1 ያስቆመው እሱ ነው፡፡ የአሰልጣኝነት ፈቃዱ ስላልተሟላ ክለቡ በየጨዋታው 25 ሺህ ዩሮ ይቀጣ ነበር፤ ሆኖም ቅጣቱን እየከፈለ አሰርቶታል፡፡

እንግዲህ ክርክሩ መሆን ያለበት ገንዘብ ይውጣ አይውጣ በሚለው ላይ ሳይሆን ምን ላይ ይውጣ በሚለው ላይ ነው፡፡ የ2026 እትም ሁለት ትልልቅ ነገሮችን ይዞ መጥቷል፤ የፕሪሚየር ሊግ ሙሉ ፈቃድና የሴቶች እግር ኳስ፡፡ የሴቶቹ በ2021 ቃል የተገባና ብዙ ልፋት የጠየቀ ሥራ ነው፡፡ በመላው ዓለም አዳዲስ ተጨዋቾችንና ክለቦችን መመዝገብ ነበረበት፡፡ ለእንዲህ ዓይነቱ የወጣ ገንዘብ ጌሙን ያሰፋዋል፤ ማንም ሌላ ኩባንያ በአንድ ሌሊት ሊቀዳውም አይችልም፡፡ አፍሪካን በተመለከተ ግን እስከ 2024ቱ እትም ድረስ አንድ ሰው ያለ ተጨማሪ ፋይል ሊያሰለጥንበት የሚችለው ሊግ የደቡብ አፍሪካ ብቻ ነበር፡፡ ግብፅ፣ ሞሮኮና ናይጄሪያ በሌሉበት የእኛን ፕሪሚየር ሊግ ማንሳት ቅንጦት ይሆናል፡፡ የጊዮርጊስና የቡና ደርቢን በጌሙ ማየት የሚመኝ ልጅ መረጃውን ራሱ መሙላት አለበት ማለት ነው፡፡

ሌላው መታረም ያለበት ነገር በየዓመቱ የማውጣት ሩጫ ነው፡፡ ሶፍትዌሩ ተቀይሮ፣ ሴቶች ተጨምረው፣ ገጽታው ፈርሶ ተሰርቶ፣ ይህ ሁሉ በኖቬምበር ይድረስ ማለት ክለቡን በሙሉ ሸጦ አዲስ ቡድን ይዞ በመጀመሪያው ሳምንት ዋንጫ እንደመጠየቅ ነው፡፡ የዝውውር ዝርዝሩን በትንሽ ክፍያ እያደሱ ዋናውን ጌም በየሁለት ዓመቱ ማውጣት ለሴጋም ለደጋፊውም ይሻላል፡፡

ባጭሩ ፉትቦል ማናጀር በጀት ይገባዋል፡፡ በጀቱ መሄድ ያለበት ግን ወደ ሣሩና ወደ ፀጉር አሠራሩ አይደለም፤ ወደ መረጃው፣ ወደ ግጥሚያው ስሌትና ወደ ፍጥነቱ ነው፡፡ በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ቁጥር እያነበበ ሌሊቱን የሚያነጋው ደንበኛ ለኩባንያው እንደ ሜዳ ተመላላሽ ደጋፊ ነው፡፡ ዝናብም ሽንፈትም አያስቀረውም፡፡ ሁለት ክረምት በተከታታይ ከተታለለ ግን እሱም ቤቱ ይቀራል፡፡