ይድረስ፦ ዕቃችንን በሌላ ስም ላስመዘገቡት የጉምሩክ አስተላላፊ

የከላላ ብርድ እንደነገርኩዎት ነው፤ ጠዋት ሱቁን ስከፍት የቁልፉ ብረት ጣት ይቆነጥጣል። ይህን የምጽፍልዎ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ አጠገብ ካለችው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ያንን ሁሉ የጥቅል ቁጥር ከአፍዎ እየሰማሁ ስጽፍባት የኖርኩት ጠረጴዛ። ስምዎን አላነሳም፤ የት እንደሚሠሩም ለማንም አልናገርም። ሰው እንዲፈርድብዎ ብዬ አልጻፍኩም። ስልኬን ማንሳት ከተዉ አራት ወር ሆነ፤ ድምፄን ቢሸሹ ጽሑፌን አይሸሹ ይሆናል ብዬ ነው።

አብረን ሥራ የጀመርነው በ2012 ዓ.ም. ነበር። የአሊባባው ጃክ ማ አዲስ አበባ መጥቶ ኩባንያውና መንግሥት በኤሌክትሮኒክ ንግድ አብረው ለመሥራት የተፈራረሙት በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ ነው። አስመጪው ፈቃድ ፍለጋ በየመሥሪያ ቤቱ ከመዞር ይድናል የተባለለት የኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎትም የተጀመረው በዚያው ዓመት ነው። ከእኔ ይልቅ እርስዎ ተደስተው ነበር። ከእንግዲህ ከላላ ያለ ሰውና ቦሌ ያለ ሰው እኩል ነው አሉኝ፤ አመንኩዎ። ለመምህሩ የንባብ መነጽር፣ ለልብስ ሰፊው የስፌት መኪና ቀበቶ፣ ለገበሬው በፀሐይ የሚሞላ መብራት እያልኩ ከስልኬ አዝዛለሁ። የእኛ ካርድ ያኔ ውጭ አገር ገበያ ላይ ስለማይከፍል ጅዳ በሰው ቤት የምትሠራው እህቴ ትከፍል ነበር። እርስዎ ኢንቮይሱን አይተው ዲክላራሲዮኑን ይሞላሉ፣ ቀረጡን አስልተው ይነግሩኛል፣ አውጥተው በደሴ መኪና ይልኩልኛል። ስንት ሰው መርቆዎታል መሰለዎት። ምርቃቱን የሰማሁት እኔ ነኝ እንጂ የእርስዎ ነበር።

ከሁሉ የማልረሳልዎ ግን 2016ን ነው። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልላችን ኢንተርኔት ተቋርጦ ወራት ሲቆጠሩ፣ ስልክ በሠራ ቀን ደውለው የየጥቅሉን መከታተያ ቁጥር አንድ በአንድ ያነቡልኝ ነበር፤ እኔ በደብተር እጽፋለሁ፣ መልሼ አነብልዎታለሁ፣ መስመሩ ሲቆረጥ እንደገና ደውለው ከመጀመሪያው ይጀምሩልኛል። ለአንድ ጥቅል መነጽር ብቻ ሰባት ጊዜ መልሰው የደወሉበት ቀን አለ። በዓረፋ እርስዎ ይደውላሉ፣ በፋሲካ እኔ። አንዴ አዲስ አበባ ስመጣ የነጋድራስ ገብረሕይወት ባይከዳኝን «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ከጠረጴዛዎ አንስተው አዋሱኝ። ደራሲው ድሬዳዋ ላይ የጉምሩክ ሹም እንደነበረ፣ መጽሐፉም እሱ ካረፈ በኋላ በ1916 ዓ.ም. እንደታተመ የነገሩኝ እርስዎ ነዎት። ጉምሩክን ከውስጥ አይቶ የሕዝቡን ድካም ያልረሳ ሰው ነው አሉኝ። መጽሐፉ አሁንም እኔ ጋ አለ። እንዳይቆሽሽ በጋዜጣ ለብጬዋለሁ።

ሥራው እንደከበደብዎ አላጣሁትም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ሲወሰን፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዓመት ውስጥ ከ130 አለፈ። ቀረጥ የሚሰላው ደግሞ በዕቃው ዋጋ ብቻ አይደለም፤ የማጓጓዣውና የኢንሹራንሱ ሒሳብ ተደምሮበት ነው። በዚያ ላይ እንደ ዕቃው ዓይነት ኤክሳይዙ፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክሱ፣ 10 በመቶ ሱር ታክሱ አንዱ ባንዱ ላይ ይነባበራል። ዕቃው 10 ዶላር፣ በአውሮፕላን ማምጫው 15 ዶላር ሲሆን ቀረጡ በ25ቱ ላይ መሆኑን ለገበሬ ማስረዳት ቀላል አይደለም። ግን አስረዳሁ። እያጉረመረሙም ቢሆን ከፈሉ። እኔን ያስለቀሰኝ ቀረጡ አይደለም።

ሚጣ የታናሽ ወንድሜ ልጅ ናት። አራት ዓመቷ ላይ፣ በበጋ፣ ማጅራት ገትር ያዛት። ነፍሷ ተረፈች፤ ጆሮዋ ግን አብዛኛውን ድምፅ ጣለ። የቀረላትን ጥቂት መስማት የሚያጎላ መሣሪያ ቶሎ ካደረገች ንግግሯ እንደሚድን፣ ከዘገየ ግን ያወቀችውን ቃል እየረሳች እንደምትሄድ ሐኪሙ ነገረን። እየረሳች ነው። መጀመሪያ የሚጠፉት ቀጫጭኖቹ ድምፆች ናቸው፤ «ሻይ» ትል የነበረች ልጅ አሁን «አይ» ትላለች፤ «ስኳር» «ኳር» ሆኗል። ጠዋት እናቴ ቡና ስታፈላ ሚጣ ጭኗ ላይ ትወጣና መዳፏን አያቷ ጉሮሮ ላይ ታስቀምጣለች። እናቴ ስትመርቅ ምርቃቱን በመዳፏ ታዳምጣለች። ምርቃቱ አልቆ ጉሮሮው ጸጥ ሲል እጇን አታነሳም፤ ትጠብቃለች።

ይህን ሁሉ ነግሬዎት ነበር። እህቴ የሦስት ወር ደመወዟን ሰጥታ የገዛችው መሣሪያ ኢንቮይሱ ላይ ስሙ በግልጽ ተጽፎ ነበር፤ የመስሚያ መርጃ መሣሪያ፣ ሁለት ፍሬ። የሐኪሙን ወረቀትና የመስማት ምርመራዋን ውጤት አብሬ ላክሁልዎ። የሕክምና መሣሪያ በመሆኑ ፈቃድ እንደሚጠየቅበት አውቄ፣ ይዘግይ፣ እንጠብቃለን አልኩዎ። እርስዎ ግን ፈቃዱን ለመዝለል ሲሉ ከሌሎች 36 ሰዎች ዕቃ ጋር በአንድ አጠቃለው «የስልክ ማዳመጫ» ብለው አስመዘገቡት። በእኛ ቋንቋ ሁለቱንም ማዳመጫ እንላለን፤ ምናልባት ውሸት አልመሰለዎትም። በታሪፍ መጽሐፉ ግን አይተዋወቁም። አገሮች በሚጋሩት የዕቃ መለያ ቁጥር የዘፈን ማዳመጫው ምዕራፍ 85 ውስጥ ነው፣ 8518 ላይ፣ ከማይክሮፎንና ከድምፅ ማጉያ ጋር፤ የሚጣ መሣሪያ ምዕራፍ 90 ውስጥ ነው፣ 9021.40፣ ከክራንችና ከሰው ሠራሽ እግር ጋር። ይህን ያስተማሩኝ ሌላ ሰው አይደሉም፤ እርስዎ ራስዎ ነዎት፣ ያ የመጀመሪያው ዓመት ላይ፣ መነጽር መነጽር ተብሎ ካልተጻፈ አንድ ቀን ያስጠይቀናል ብለው አንዲት ቃል ለማስተካከል ማታ በሦስት ሰዓት ከቤትዎ የደወሉልኝ፣ ልጅዎ ከጀርባ ስታለቅስ እየተሰማኝ ይቅርታ ጠይቀው ኢንቮይሱን እንደገና ያስነበቡኝ እርስዎ ነዎት፤ ታዲያ ለመነጽር ያን ያህል የተጨነቀ ሰው ለአንዲት ሕፃን ጆሮ ሲሆን እንዴት እጁ እሺ አለው?

ፍተሻ ላይ ካርቶኑ ተከፈተ፤ የተጻፈውና የተገኘው አልተገጣጠመም፤ ሁሉም ታገደ። የ36 ሰው ዕቃ ከእኛው ጋር ታሰረ።

እነዚያ ሰዎች በየቀኑ ሱቄ ይመጣሉ። መጀመሪያ ይጠይቁኝ ነበር፤ አሁን አይጠይቁም፣ በር ላይ ቆመው አይተውኝ ይሄዳሉ። ከላላ ትንሽ ከተማ ናት። አንዲት እናት ከመካነ ሰላም ድረስ መጥተው የልጃቸውን መነጽር ሲጠይቁኝ፣ ከኋላቸው የቆመው ጎልማሳ «ተዉት እማማ፣ በልቶታል» አላቸው። እሳቸው ግን «አብሽር ልጄ» ብለውኝ ሄዱ። የጎልማሳውን ከቁብ አልቆጠርኩትም፤ የእሳቸው አብሽር ግን እስካሁን እንቅልፍ ይነሳኛል፣ ምክንያቱም ለእኔ የተሰጠው እምነት ለእርስዎ የተሰጠ መሆኑን አያውቁም፣ እኔም አልነገርኳቸውም፤ ይኸው አራት ወር ሙሉ የእርስዎን ጥፋት እንደ ራሴ ጥፋት ይዤ ዝም ብያለሁ።

ዝምታዎ ግን ከሁሉ ይብሳል። «ነገ» ሲሉኝ ነገ አልኩ። «ሲስተም የለም» ሲሉኝ ጠበቅሁ። «ፋይሉ ተመርቷል» ሲሉኝ ደስ አለኝ፣ ለእናቴም ነገርኳት፤ እሷም ለሚጣ በእጇ ምልክት አሳየቻት። ከዚያ በኋላ ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። ተዘግቶ የነበረው መንገድ ሲከፈት በደሴ ዞሬ አዲስ አበባ ድረስ መጣሁ፤ ሁለት ቀን በር ላይ ቆምኩ። ወጥተዋል ተባልኩ። እናቴ ለእርስዎ ብላ የቋጠረችውን በሶ ለጥበቃው ሰጥቼ ተመለስኩ፤ ደርሶዎት ከሆነ ይጣፍጥዎ፣ በእውነት ነው የምለው፣ ቅር ብሎን አልተላከም። ግን ተሳስቻለሁ፣ ዕቃው ተይዟል፣ እንዲህ እናድርግ የምትል አንዲት ቃል ቢነግሩኝ ኖሮ፣ ያን ሁሉ መንገድ የመጣሁበትን ድካም፣ የወረደውን ስሜን፣ በየቀኑ የሚቆጥረውን የመጋዘን ኪራይ ሁሉ ረስቼ እዚያው በር ላይ እቅፍ አድርጌዎ አብረን መፍትሔ እንፈልግ ነበር።

ኪራዩ ይከፈላል። ጆሮዋ ግን አይጠብቅም። መሣሪያው ጆሮዋ ውስጥ የሚገባበት ቅርጽ በሲሊኮን ከጆሮዋ ተለክቶ የተሠራው ባለፈው ነሐሴ ነው። የሕፃን ጆሮ ያድጋል፤ ቅርጹ በየጥቂት ወሩ መለወጥ አለበት፤ ካልገጠመ ድምፁ በዳር እያመለጠ ያፏጫል። እርስዎ መልስ ባልሰጡኝ በእያንዳንዱ ሳምንት ያ ቅርጽ ለሌላ፣ ላለፈችው ሚጣ የተሠራ እየሆነ ነው። በመስከረም የሰፈሩ ልጆች ቦርሳ ይዘው ሲወጡ እሷም ቦርሳዋን አንግታ ወጣች፤ መምህሯ ከፊት ወንበር አስቀመጠቻት። መምህሯ ስትዞር፣ ፊቷን ወደ ሰሌዳው ስታደርግ፣ ለሚጣ ትምህርቱ ያኔ ያበቃል።

አያቴ ዓባይን ተሻግረው ጎጃም ድረስ የሚነግዱ ሲራራ ነጋዴ ነበሩ። ልጅ ሆኜ ደጋግመው የሚያወጉኝ አንድ ነገር ነበር። ከጓዶቻቸው አንዱ ከእህል ጆንያ ውስጥ ያልተናገረውን አሞሌ ጨው ሸሽጎ ኬላ ላይ ተያዘ፤ በእሱ ጦስ ሲራራው በሙሉ በቅሎ እንዳራገፈ ዝናብ ላይ ሰነበተ። ሰውየው ሸሽቶ ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን ራሱ ተመልሶ መጣ፣ የእኔ ነው አለ፣ ቅጣቱን ከፈለ፣ ሌሎቹ ጫኑ። አያቴ ስለዚያ ሰው ሲያወጉ የሸሸበትን አያነሱም ነበር፤ የተመለሰበትን እንጂ። በኋላም ሰርጉ ላይ ሚዜ ሆነውለታል።

ስለዚህ የምለምንዎ ይህ ነው። ስህተቱን አምነው ማስተካከያውን ያቅርቡ፤ ዕቃው የተተወ ተብሎ ሳይመዘገብ፣ ከጨረታ ዝርዝር ውስጥ ሳይገባ። የሐኪሙን ወረቀት እንደገና ልኬያለሁ፤ ፈቃዱን ራሴ እከታተላለሁ፣ ደሴም አዲስ አበባም እመላለሳለሁ። ቅጣት ካለ ግማሹን እኔ እከፍላለሁ፤ እህቴም ሰምታ ከአሁኑ ማጠራቀም ጀምራለች፣ በእርስዎ ላይ ክፉ ቃል አልወጣትም። የ36ቱን ሰዎች ዕቃ ለይተው በየስሙ ያስመዝግቡላቸው። ሱቄ ውስጥ ስምዎን በክፉ የሚያነሳ ሰው አይኖርም፤ መጽሐፍዎንም ይዤልዎ እመጣለሁ፣ ቡና ጠጥተን እንለያያለን ወይም እንደ ድሮው እንቀጥላለን፣ የቱንም እርስዎ እንደወደዱ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ካርቶኑ ውስጥ ትናንሽ ክብ ባትሪዎች አሉ፤ በእያንዳንዳቸው ጀርባ ሰማያዊ ልጣጭ ተለጥፏል። ባትሪው የሚነሳው አየር ሲነካው ነው፤ ልጣጩ አንዴ ከተላጠ መልሰው ቢለጥፉትም ኃይሉ እየተንጠባጠበ ያልቃል፤ እዚህ ከላላ ደግሞ ምትክ የለም። ዳግመኛ ሲፈተሽ አጠገቡ ከቆሙ፣ እባክዎ፣ ሰማያዊውን እንዳይልጡት ይንገሩልኝ።