ከቁጥር 1 መጀመር ግዴታ አይደለም

«ኤክስ-ሜንን ማንበብ የሚሻ እ.ኤ.አ. ከ1963ቱ ቁጥር 1 ይጀምር» የሚለው ምክር ለአዲስ አንባቢ አይበጅም። የስታን ሊና የጃክ ኪርቢ ጅማሮ ክብር ይገባዋል። ሆኖም የኮሚክ መጽሔቱ ገበያ ርቆት ከ1970 መጨረሻ እስከ 1975 መጀመሪያ የድሮ ታሪኮቹን ደግሞ ሲያትም ከርሟል። ቅደም ተከተል ይከበር ባዩ ይህንንም ድገሙት ሊለን ነው?

መጽሔቱ ነፍስ የዘራው በ1975 ሌን ዊንና ዴቭ ኮክረም ባዘጋጁት ልዩ እትም ነው። የጀግኖቹ ቡድን መሪ ፕሮፌሰር ኤክስ ኬንያ ድረስ ሄዶ ዝናብ አዝናቢዋን ስቶርምን ሲጠራት፣ ናይትክሮለርን ጀርመን ውስጥ ሊገድለው ከተነሣ ሕዝብ ሲያስጥለው፣ አንባቢውም ከአዲሶቹ አባላት ጋር እኩል ይተዋወቃል። ከዚያ ክሪስ ክሌርሞንት ተረክቦ እስከ 1991 ጻፈው። በር ተከፍቶ ሳለ በአጥር ዝለሉ ምን የሚሉት ምክር ነው? ቁጥር 1 የትም አይሄድም፤ ፍቅሩ የያዘው ያን ጊዜ ያነበዋል።