አባላቱን የደበቀ ማኅበር

በአሜሪካ ታይምሼር የገዛ ሰው ምሬቱን ባሰማ ቁጥር የሚያገኘው መልስ አንድ ዓይነት ነው፦ «አንብበህ መፈረም ነበረብህ።» ዘመድም፣ ጠበቃም፣ የሻጩ ድርጅት ቃል አቀባይም ይህንኑ ይላሉ። በዋሽንግተንና በቨርጂኒያ አካባቢ በምንኖር ኢትዮጵያውያን ዘንድም ወሬው ከዚህ አያልፍም። ዊልያምስበርግ ወይም ኦርላንዶ ለዕረፍት ሄዶ፣ በነፃ ቁርስና በስጦታ ካርድ ተጠርቶ፣ ከሰዓታት ውትወታ በኋላ ፈርሞ የወጣ ሰው በዘመድ አዝማድ ፊት እንደ ሞኝ ይቆጠራል። እኔ ይህን ፍርድ አልቀበለውም። ጥፋቱን ሁሉ በገዢው ጫንቃ ላይ ይጭንና ከፊርማው በኋላ ለሃያና ለሠላሳ ዓመት የሚሠራበትን ከዓይን ይሰውርብናል።

አሠራሩን ለማያውቅ ባጭሩ ላስረዳ። ታይምሼር የአንድን መዝናኛ ሆቴል ክፍሎች በሳምንት በሳምንት እየከፋፈሉ ለብዙ ሰዎች መሸጥ ነው። ብዙ ጊዜ ከዓመቱ 52 ሳምንታት አንዱ ለዕድሳት ይቀራል፣ የቀሩት 51 ሳምንታት ይሸጣሉ። አሁን አሁን በሳምንት ፋንታ «ነጥብ» መሸጥ ተለምዷል፤ ለዚህ ጽሑፍ ግን ልዩነቱ ብዙም አያስጨንቀንም። ገዢው መግቢያውን በሺዎች በሚቆጠር ዶላር ከከፈለ በኋላ፣ ሄደም ቀረም በየዓመቱ የጥገና ክፍያ አለበት። ክፍያውን የሚወስነው የባለድርሻዎቹ ማኅበር ቦርድ ነው። ቦርዱን የሚመርጡት ባለድርሻዎቹ ናቸው። ቦርዱ ደግሞ አስተዳዳሪ ድርጅት ይቀጥራል። በወረቀት ላይ እንከን አይወጣለትም።

በተግባር ግን ሪዞርቱን የገነባው አልሚ፣ ሳምንታቱን የሚሸጠውና ሆቴሉን የሚያስተዳድረው ብዙ ጊዜ እህትማማች ኩባንያዎች ናቸው። ያልተሸጡትም ሆኑ መክፈል ካቃተው ሰው ላይ የተወሰዱት ሳምንታት ድምፅ አላቸው፤ ያ ድምፅ በአልሚው እጅ ነው። ጉባኤው ፍሎሪዳ ወይም ኔቫዳ ይጠራል፣ ባለድርሻው ሚኒሶታ ወይም ሜሪላንድ ነው ያለው። ስለዚህ የውክልና ወረቀት ይላክለታል፤ እሱም ፈርሞ ሲመልሰው ድምፁ ለተቀመጠው ቦርድ ይሆናል። ቦርዱ ራሱን በራሱ እየመረጠ ዓመታት ይቆያል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ክፍያውን የሚያሳውቀው ደብዳቤ አብዛኛውን ጊዜ ዓመቱ ሲገባደድ ይደርሳል። አንድ ገጽ ነው። «ሥራ ማስኬጃ»፣ «መጠባበቂያ»፣ «የንብረት ግብር»፣ «አስተዳደር» የሚሉ ጥቂት መስመሮች፣ ከጎናቸው ቁጥር፣ ከግርጌው የመክፈያ ቀን። የአንሶላና የፎጣ አጠባው ውል ለማን በስንት እንደተሰጠ አይናገርም። ለጣሪያው ዕድሳት ስንት ተጫራች እንደቀረበ አይናገርም። ባዶ የዋሉ ክፍሎች ለውጭ እንግዳ ሲከራዩ ገንዘቡ ወደ የትኛው ካዝና እንደገባም አይናገርም።

«አስተዳደር» የሚለው መስመር ላይ ትንሽ ልቆይ። የአስተዳዳሪው ክፍያ ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ከበጀቱ በመቶኛ ነው። ለምሳሌ 100 ክፍል ያለው ሪዞርት 5,100 ሳምንት ሸጦ ከእያንዳንዱ በዓመት 1,000 ዶላር ይሰበስባል እንበል። በጀቱ 5.1 ሚሊዮን ዶላር ይሆናል፤ አስተዳዳሪው 10 በመቶ ቢታሰብለት 510,000 ዶላር ያገኛል። በሚቀጥለው ዓመት የእያንዳንዱ ክፍያ በ100 ዶላር ሲያድግ ተጨማሪ ሥራ ሳይሠራ 51,000 ዶላር ይጨመርለታል። ወጪ የቆጠበ አስተዳዳሪ በገዛ እጁ ደመወዙን ይቀንሳል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ውል የፈረመ ቦርድ ለማን ቆሞ እንደፈረመ መጠየቅ የባለድርሻው መብት ነው። ግን ብቻውን ጠይቆ የት ይደርሳል?

የነገሩ ሥር እዚህ ላይ ነው። በእኛ አገር ዕድር ውስጥ ዳኛው ገንዘብ ቢያጓድል አባላቱ በማግስቱ ከለቅሶ ቤት ድንኳን ሥር ተቀምጠው ይነጋገሩበታል፤ ማን አባል እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፣ መዝገቡም በጸሐፊው እጅ ነው። የታይምሼር ባለድርሻ ግን ከእሱ በፊት በነበረው ሳምንት በዚያው አልጋ የተኛውን ሰው ስሙን አያውቅም። በአንድ ንብረት ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አብረው እየከፈሉ እርስ በርስ አይተዋወቁም። የሚያውቃቸው አንድ አካል ብቻ ነው፤ እሱም ሊጠየቅ የሚገባው አስተዳዳሪ ነው።

ይህ በአጋጣሚ የሆነ እንዳልሆነ የሚያሳይ የፍርድ ቤት መዝገብ አለ። ወርልድማርክ ዘ ክለብ የሚባለው ከ200,000 በላይ አባላት ያሉት ማኅበር የሚተዳደረው ከታይምሼር ሻጩ ዊንድሃም ጋር በተያያዘ ኩባንያ ነበር። አንድ አባል የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ በሚመለከት ለሌሎች አባላት ሐሳቡን በኢሜይል ለማድረስ ፈለገና አድራሻቸውን ጠየቀ። ማኅበሩ የአባላቱን ግላዊነት እጠብቃለሁ ብሎ እምቢ አለ። በምትኩ ያቀረበለት፣ መልእክቱን በራሱ ወጪ በፖስታ እንዲያስልክ ነበር። ለአንድ ደብዳቤ ግማሽ ዶላር ብቻ ብናስብ እንኳ ከ100,000 ዶላር በላይ ይጠይቃል። አንድ ተራ ሰው የማኅበሩን ደንብ ለማሻሻል ሐሳብ ለማቅረብ ይህን ያህል ገንዘብ ከየት ያመጣል? እ.ኤ.አ. በ2010 የካሊፎርኒያ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ለአባሉ ፈረደ። የኢሜይል አድራሻውም አባሉ በሕግ ሊያየው ከሚችለው መዝገብ ውስጥ ነው፣ የቀረበው የፖስታ አማራጭም ምክንያታዊ አይደለም አለ።

የግላዊነቱን ክርክር በቀላሉ የምንተወው አይደለም፤ ስልኩ ለማንም እንዲታደል የሚፈልግ ሰው የለምና። ነገር ግን ያው አድራሻ ተጨማሪ ነጥብ ለመሸጥ፣ ለ«ባለቤቶች ማብራሪያ» ለመጥራት፣ የክሩዝ ጉዞ ለማስተዋወቅ ሲውል ግላዊነት ትዝ ያለው የለም። ከባለድርሻ ወደ ባለድርሻ ሊያልፍ ሲል ብቻ ምስጢር ይሆናል። ፈቃደኛ ያልሆነ አባል ስሙ ከዝርዝሩ ይውጣለት፣ መልእክቱም በገለልተኛ ወገን በኩል ይተላለፍ። መፍትሔው ይህን ያህል ቅርብ ሆኖ ሳለ እስከ ይግባኝ ድረስ የሚሟገት ማኅበር የሚሸሸው ሌላ ነገር ነው።

አባላት እርስ በርስ ሳይገናኙ ሲቀሩ የሚመጣውን ደግሞ ኒው ዮርክ ላይ አይተነዋል። በማንሃተን 56ኛ ጎዳና ላይ የሚገኘው ማንሃተን ክለብ ለባለድርሻዎቹ ብቻ የተዘጋጀ እየተባለ ተሸጠ። ገዢዎቹ ቀን ሊያስይዙ ሲደውሉ ክፍል የለም ይባላሉ፤ ክፍሎቹ ግን ለማንኛውም መንገደኛ ይከራዩ ነበር። ድርሻችሁን መልሰን እንገዛላችኋለን የሚል ተስፋም ተሰጥቷቸው ነበር፤ ተስፋው ባዶ ሆነ። የጥገና ክፍያው ግን በየዓመቱ መምጣቱን አላቆመም። የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤት ለዓመታት ከመረመረው በኋላ እ.ኤ.አ. በ2017 ጉዳዩ በ6.5 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተቋጨ፣ አንቀሳቃሾቹም ከታይምሼር ንግድ እንዲወጡ ተደረገ። እነዚህ ገዢዎች ውሉን መስመር በመስመር ቢያነቡት ኖሮ ክፍሉ ለሌላ እንደሚከራይ ከየትኛው ገጽ ላይ ያገኙት ነበር? «አንብበህ መፈረም ነበረብህ» የሚሉ ሰዎች ይህን ይመልሱልኝ።

የሚመጣው የጥገና ክፍያ ብቻም አይደለም፤ በሃዋይ ካዋይ ደሴት፣ ፖይፑ በሚባል ቦታ ያለ ሪዞርት አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 ሕንፃው ውስጥ የሰረገ ውኃ ያደረሰውን ጉዳት ለማሠራት ከ65 ሚሊዮን ዶላር በላይ ልዩ መዋጮ በባለድርሻዎቹ ላይ ተጣለ፤ ለአንድ ቤተሰብ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር መሆኑ ነው። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ።

የአስተዳዳሪዎቹን ወገን የሚናገር ሰው የኢንሹራንስ ዋጋ ጨምሯል፣ ጣሪያ ያረጃል፣ የጽዳት ሠራተኛ ደመወዝ ያድጋል ይላል። እውነት ነው። በባሕር ዳርቻ ያለ ሕንፃ ጨውና አውሎ ነፋስ ይበላዋል፤ ማንም አስተዋይ ባለድርሻ ወጪ አይኑር አላለም። ወጪው እውነተኛ ከሆነ ደግሞ ደረሰኙን ማሳየት የሚጠቅመው አስተዳዳሪውን ነው። በገለልተኛ ኦዲተር የተመረመረ ሒሳብ፣ የጨረታ ሰነድ፣ የኪራይ ገቢ መግለጫ፣ ሥራ የተሰጣቸው ድርጅቶች ባለቤትነት፤ እነዚህን ያለ ልመና ማየት የማይችል ሰው ክፍያው ተገቢ ነው ሲባል በምን ይመን?

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። በብዙ ሪዞርቶች ሒሳብ መጠየቂያ ላይ አርዳ ሮክ ለሚባለው የባለድርሻዎች ቅንጅት የሚሆን ጥቂት ዶላር መዋጮ ይጨመራል። በፈቃደኝነት ነው ይባላል፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ከድምሩ ጋር ተደምሮ ይመጣል፣ የማይፈልገው ሰው ነው አስተውሎ መቀነስ ያለበት። ቅንጅቱ ራሱን የባለድርሻዎች ጠበቃ አድርጎ በየክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ሕግ አውጪዎችን ያግባባል። የተቋቋመው ግን በሪዞርት አልሚዎቹ ማኅበር በአርዳ ጥላ ሥር ነው። አልሚና ባለድርሻ በሕግ ጉዳይ ሲፋጠጡ በባለድርሻው ገንዘብ የቆመው ድርጅት ለማን እንደሚከራከር ማንም ይገምታል። ይህን በስህተት የመጣ አሠራር ነው ብዬ ለማለፍ ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም።

ለዚህ ነው «ተጠንቀቁ፣ አትግዙ» የሚለው ምክር ብቻውን የማይበቃው። ያልገዛ ይጠንቀቅ፤ በብዙ ክፍለ ግዛቶች የፈረመ ሰው በጥቂት ቀናት ውስጥ ውሉን በጽሑፍ መሰረዝ እንደሚችልም ይወቅ፣ በፍሎሪዳ 10 ቀን ነው። አስቀድሞ የገዛውስ? ከውሉ እናወጣሃለን እያሉ በሺዎች የሚቀበሉ ድርጅቶች ሁለተኛ ወጥመድ ሆነውበታል። የዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2020 ከእነዚህ አንዱን ከስሷል። በሐፍረት ዝም ብሎ የሚከፍል፣ ዘመዶቹ እንዳይስቁበት የሚደብቅ ወገናችን ቁጥሩ ቀላል አይመስለኝም። ዝምታው የሚመቸው ለአስተዳዳሪው ነው።

እንዲህ ያለ ሰው የመጀመሪያ ደብዳቤውን ስለ ክፍያው ማነስና መብዛት አይጻፈው፤ የአባላቱን ዝርዝርና የተመረመረውን ሒሳብ ይጠይቅበት። ዝርዝሩን የፈለገው ስለ ማኅበሩ ጉዳይ ከአባላቱ ጋር ለመነጋገር መሆኑንም በግልጽ ያስፍር። በካሊፎርኒያ ሕግ ማኅበሩ ዝርዝሩን መስጠት ካልፈለገ፣ ጥያቄው በደረሰው በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ለዚያው ዓላማ የሚያገለግል ምክንያታዊ አማራጭ በጽሑፍ ማቅረብ አለበት። በሌላ ክፍለ ግዛት ያላችሁ የአካባቢያችሁን ሕግ ጠበቃ አማክሩ። ደብዳቤውን በሪኮማንዴ ላኩ፣ ደረሰኙንም እንዳትጥሉት።