የስካውት አውራጃ እስከ የት ነው?

በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች ስካውቶች በአውራጃ ይደራጁ የተባለ እንደ ሆነ፥ አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «ወሰኑ የት ይሁን?» የሚል ነው። «የመንግሥቱን ካርታ ተከተሉ» ማለት ለጽሕፈት ቤት ሥራ እንደሚቀል አንክድም። ነገር ግን ካርታው ራሱ የማይረጋ ነው።

በ1934 ዓ.ም. የወጣው ድንጋጌ አገሪቱን በጠቅላይ ግዛት፥ በአውራጃና በወረዳ ከፋፈለ። በዚያ ሥርዓት ጅማና ቦንጋ በአንድ የከፋ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ ነበሩ። ከ1987ቱ ሕገ መንግሥት ወዲህ ጅማ በኦሮሚያ፥ ቦንጋ በደቡብ ክልል ሆኑ። በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት ደግሞ ቦንጋ ከቦታዋ ሳትነቃነቅ እንደ ገና ክልል ለወጠች። ከጅማ ተነሥቶ በሸቤ አድርጎ፥ ጎጀብን ተሻግሮ ቦንጋ የሚገባው መንገድ ግን ያው ነው።

ስካውትነትም በአገራችን ከጣሊያን ወረራ በፊት ገብቶ፥ በደርግ ዘመን ተቋርጦ፥ ኋላ የተነሣ ነው። ወሰንማ በአንድ ቀን ይሠመራል፤ ልጆቹን በስም የሚያውቅ፥ የጎረቤቱንም ከተማ መሪ የሚያውቅ ሰው ግን በአንድ ቀን አይገኝም። እንደሚመስለን አውራጃ ማለት ይኸው መተዋወቅ ነው። ቤደን ፓወል እ.ኤ.አ. በ1907 ብራውንሲ ደሴት ላይ ሃያ ያህል ልጆች ይዞ ሲሰፍር ምን አውራጃ ነበረው?

በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1974 አቮን የሚባል የአስተዳደር ክፍል ተቋቋመ። መንግሥት በ1996 አፈረሰው፤ ስካውቶቹ ግን አብረው አልፈረሱም፥ ዛሬም የአቮን ስካውት ይባላሉ። የለመዱትን ኅብረት ካርታ ስለ ተለወጠ ብቻ አልበተኑትም።

ስለዚህ አውራጃው በመንገድና በገበያ ይለካ እንላለን። አጋሮ ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው፤ የአጋሮ ልጅ ጧት ሄዶ ማታ ቤቱ ይገባል። የጌራን ልጅ ግን ለስብሰባ ሁሉ ጅማ ና ብንለው የመሳፈሪያውን ማን ይከፍልለታል? ለርሱ አጋሮ ይቅረበው። ቡና በሚለቀምበት ወራት፥ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፥ ትልቅ ስብሰባ አይጠራ፤ ልጁ ከእናቱ ጋር ለቀማ ላይ ነው። ይህን አዲስ አበባ ተቀምጦ ቀን የሚቈርጥ ሰው ላያስበው ይችላል።

ስለ ጎጀብ ማዶም አንድ ነገር እንጨምር። መዝገቡና ፈቃዱ በየክልሉ ይሁን፤ በዚህ አንከራከርም። የዓመቱ ሠፈር ግን የጋራ ይሁን፤ አንድ ዓመት በበለጠ ጌራ ደን፥ አንድ ዓመት በዩኔስኮ በተመዘገበው የከፋ ደን። የጮጬና የቦንጋ ልጆች በአንድ እሳት ዙሪያ ተቀምጠው ቡና ከማን አገር እንደ ተገኘ ይከራከሩ። (የኛንም ክርክር ገና አልጨረስነውም።)

ወሰን የሚያሠምሩት ሰዎች ካርታቸውን ከመዘርጋታቸው በፊት ከሸቤ፥ ከአጋሮና ከሊሙ ገነት አንድ አንድ የቡድን መሪ ይጥሩ፤ የመኪናውንም ሒሳብ ይጠይቁ።