መጀመሪያ ጠጋኙን ይጠይቁ

ስለ ቤት ሙዚቃ ጥራት ወሬ በተነሣ ቁጥር አንድ ምክር ቀድሞ ይሰማል፦ «ትዩብ ፕሪአምፕ ግዛ፤ ደግሞ በእጅ የተሠራ ይሁን።» አዲስ አበባ ያሉ የድምፅ መሣሪያ ወዳጆች ይሉታል፤ ከውጭ የሚመለሱ ወገኖቻችንም ይዘውት ይመጣሉ። ትዩቡ፣ ማለትም እንደ አምፖል የሚግለው የመስታወት ቱቦ፣ ድምፁን ያሞቀዋል፣ ያለሰልሰዋል፤ ፋብሪካ ያመረተው ግን ደረቅ ነው ይባላል። ምክሩ ቦሌ ሳሎን ውስጥ ተቀምጠው ሲሰሙት ያምራል። እኔ ግን ካቺሲ ወስጄ ልፈትነው። ምዕራብ ሸዋ፣ የግንደ በረት ወረዳ ከተማ፤ ቤቱ ቆርቆሮ፣ ሙዚቃው በስልክና በፍላሽ፣ መብራቱ ሄድ መጣ የሚል። እዚያ ያልሠራ ምክር አምቦና ጊንጪም አይሠራም፤ እንደ እውነቱ ከሆነ አዲስ አበባም ቢሆን ለብዙው ቤት አይሆንም።

ፕሪአምፕ ከዋናው አምፕሊፋየር በፊት ተቀምጦ ደካማ ሲግናል የሚያጎለብት ዕቃ ነው። ሲግናሉ በእርግጥ ደካማ በነበረበት ዘመን ያለ እሱ ሙዚቃ አልነበረም። የሸክላ ማጫወቻ መርፌ የሚያወጣው 5 ሚሊቮልት ገደማ ብቻ ስለሆነ መቶ እጥፍ ያህል መጉላት አለበት። በዚያ ላይ ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ተቀንሶ ቀጭኑ ጎልቶ ስለሚቀረጽ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 በጸደቀው መለኪያ መሠረት ወደ ቦታው መመለስ ይኖርበታል። የሙዚቃ አሳታሚው አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የአገር ፍቅር ማኅበርን ሸክላ የማሳተም የሞኖፖል መብት ተጋፍቶ ያሳተማቸው ሸክላዎች ያሉት ሰው ይህን ሥራ የሚሠራ ፕሪአምፕ ያስፈልገዋል፤ በዚህ ክርክር የለኝም። ካቺሲ ውስጥ ግን ሸክላ ያለው ማን ነው? ሲዲ ማጫወቻ ራሱ 2 ቮልት ያወጣል፤ ስልክም እስከ 1 ቮልት ይጠጋል። አብዛኛው አምፕሊፋየር ደግሞ 1 ቮልት አካባቢ ከደረሰው ሙሉ ጉልበቱን ይሰጣል። ታዲያ ፕሪአምፑ የሚያጎላው ምኑን ነው? 12ኤኤክስ7 የሚባለው ዝነኛ ትዩብ በራሱ እስከ መቶ እጥፍ የማጉላት አቅም አለው። ገዢው ያንን ሁሉ ጉልበት በውድ ዋጋ ይገዛና ቮሊዩሙን ከመነሻው ፈቅ ሳያደርግ ይኖራል፤ ከሙዚቃው ጋር አብሮ የጎላው ሹክሹክታ ደግሞ ትርፉ ነው።

«ሙቀት» የሚባለውንም እንየው። ትዩብ ሲጨናነቅ በዋናው ድምፅ ላይ በእጥፍ ንዝረት የሚደረብ ሌላ ድምፅ ይጨምራል፤ አንድ ኦክታቭ ከፍ ያለ ስለሆነ ጆሮ አይጠላውም። ይህ በምሕንድስና ቋንቋ መዛባት ነው። በደንብ የተሠራ ትዩብ ፕሪአምፕ ደግሞ በ1 ቮልት ምንም አይጨናነቅም፤ መዛባቱ ጆሮ ከሚለየው በታች ይሆናል። ስለዚህ ሻጩ ከሁለት አንዱን ይምረጥ፦ ወይ ዕቃው በደንብ ተሠርቷል፣ ሙቀቱም የለም፤ ወይ ሙቀቱ አለ፣ ዕቃው ያዛባል። እ.ኤ.አ. በ1985 ቦብ ካርቨር የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ርካሽ ባለ ትራንዚስተር አምፕሊፋየሩን እያስተካከለ ከአንድ ውድ ባለ ትዩብ ጋር አመሳስሎት፣ «ስቴሪዮፋይል» የተባለው መጽሔት አዘጋጆች መለየት አቅቷቸው ነበር። ነገሩ ስለ ዋና አምፕሊፋየር እንጂ ስለ ፕሪአምፕ አይደለም፤ ቢሆንም በጆሯቸው የሚተዳደሩ ሰዎች መሆናቸውን ልብ ይሏል።

ከሁሉ የሚያስገርመኝ ትዝታው ነው። ትዩብን የሚያወድሱ ሰዎች «የድሮው ድምፅ» ይላሉ። የማን ድሮ? የሸዋ ገጠር ጆሮ የተከፈተው ባለ ትዩብ ሬዲዮ ሳሎን ውስጥ ተገትሮ አይደለም። የመብራት መስመር ባልደረሰበት አገር ሬዲዮን ያስገባው በባትሪ ድንጋይ የሚሠራው ትንሹ ትራንዚስተር ነው፤ እረኛው በትከሻው አንጠልጥሎት ይውል የነበረው። ከዚያ ካሴት መጣ፤ ከካሴት ካሴት ሲቀዳ እየደበዘዘ፣ እየተንሿሿ። ዛሬ ያ ካሴት ወደ ኤምፒ3 ተጨምቆ በስልክ ይዞራል። አምቦ የተወለደው የሃጫሉ ሁንዴሳ ዘፈንም ለብዙ ወጣት የሚደርሰው በዚሁ መንገድ ነው። በመቅዳትና በመጨመቅ የጠፋውን ድምፅ የሚመልስ ትዩብ የለም። ሻካራ ፋይል በፕሪአምፕ ውስጥ ማሳለፍ ያደረ ወጥ በብር ሳህን እንደ ማቅረብ ነው።

አሁን ወደ መብራቱ። ትዩብ እንደ አምፖል ውስጡ የሚግል ክር አለው፤ ብዙዎቹ 6.3 ቮልት ይፈልጋሉ፣ ከዚያም ከአሥር በመቶ በላይ ከፍም ዝቅም ባይል ይመረጣል። ትራንስፎርመሩ ለ220 ቮልት ከተጠመጠመ፣ የግድግዳው መብራት ወደ 180 ሲወርድ ክሩ የሚያገኘው 5.2 ቮልት እንኳ አይሞላም፤ ወደ 250 ሲዘል ከ7.1 ያልፋል። በአንዱ ይዳከማል፣ በሌላው ዕድሜው ያልቃል። ስታቢላይዘር ይገዛል እንበል፤ መሄድ መምጣቱንስ? እስኪረጋ ድረስ ድምፁን የሚዘጋ ማዘግያ ሪሌ የሌለው ፕሪአምፕ መብራት በመጣና በሄደ ቁጥር ገና ሳይረጋ «ዱም!» የሚል ምት ወደ ስፒከሩ ይልካል፤ ስፒከሩን ሊጎዳም ይችላል። በእጅ ከሚሠሩት ብዙዎቹ ይህች ሪሌ የላቸውም፤ ሠሪው «የድምፁን መንገድ ታቆሽሻለች» ብሎ ይተዋታል። እሱ መብራት በማይጠፋበት አገር ነው የሚኖረው።

አደጋውም አለ። ውስጡ ከ200 እስከ 300 ቮልት የሚደርስ ዲሲ ይዞራል፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ ሊይዙት ይችላሉ። የብረት ሳጥኑ ኧርዝ ካልተደረገ ነገሩ ሕፃናት ባሉበት ቤት የሚቀመጥ አይደለም፤ የእኛ ሶኬት ደግሞ በብዙ ቤት ሁለት ቀዳዳ ብቻ ነው።

«በእጅ የተሠራ» የሚለው ሙገሳ ላይ ጠቤ ሌላ ነው። እጅ ሥራ እወዳለሁ። ነገር ግን እዚህ የሚወደሰው ሩቅ ያለ የማናውቀው ሰው እጅ ነው፤ በየከተማችን ጠባብ ሱቅ ውስጥ ቴፕ፣ ዴክና ቴሌቪዥን እየፈታ ሶልደር የሚያደርገውን ጠጋኝ እጅ ግን «ነካካው፣ አበላሸው» እንላለን። ፕሪአምፑ ሲቃጠል ለማን ሊሰጥ ነው? ሠሪው የሰርኪዩቱን ሥዕል አይሰጥም፣ አንዳንዱ የዕቃዎቹን ጽሑፍ ሳይቀር ይፍቃል፤ ምስጢር ነው ይላል። ምስጢር የሚባለው ሰርኪዩት አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት በትዩብ አምራቾች መጽሐፍ የታተመ ነው። ትዩቡ ራሱም ዛሬ በዋናነት የሚመረተው ስሎቫኪያ፣ ሩሲያና ቻይና ነው፤ ካቺሲ እስኪደርስ የሚጠብቀው ገዢው ነው።

ገንዘቡ ካለ መጀመሪያ ለስፒከርና ለስፒከሩ አቀማመጥ ይዋል። እግረ መንገዴን ልበል፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ኮርኒሱ አቡጀዲ የሆነ የካቺሲ ቤት ጋቢና ብርድ ልብስ ተጨምሮበት ከብሎኬትና ሴራሚክ ኮንዶሚኒየም የተሻለ የሙዚቃ ክፍል ነው፤ የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮው ላይ እስኪወርድ ድረስ። ያኔ ትዩብም ትራንዚስተርም እኩል ናቸው።

ይህን ሁሉ ሰምቶ ልግዛ የሚል ይኖራል፤ ሸክላ ያለው፣ ወይም በጨለማ ሲያበራ ማየት ደስ የሚለው። ደስታም ምክንያት ነው፣ አልከለክልም። እንግዲያው ሠሪውን ስለ ሙቀት ሳይሆን እነዚህን ይጠይቁ፦ ስንት እጥፍ ያጎላል? የመውጫው ኢምፒዳንስ ከአምፕሊፋየሩ መግቢያ አሥር እጥፍ ያነሰ ነው? ካልሆነ ወፍራሙ ድምፅ ይሳሳል። መብራት ሲጠፋና ሲመጣ ድምፁን የሚዘጋ ሪሌ አለው? ካፓሲተሮቹን የሚያራግፍ ሬዚስተርስ? ትዩቡ እንደ 12ኤዩ7 ወይም 6ኤስኤን7 ዛሬም የሚመረት ነው? ከዚያ የሰርኪዩቱን ሥዕል ያስልኩና ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ለሰፈርዎ ጠጋኝ ያሳዩት፤ ለምክሩም ይክፈሉት። ሥዕሉን አልሰጥም የሚል ሠሪ ካጋጠመዎ አይግዙ።