ያልተቆጠረ መንገደኛ

በመንገድ ዳር በወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ባለመስመር ወረቀት በጉልበቱ አስደግፎ፣ መኪና ባለፈ ቁጥር ሰረዝ የሚያሰምር ሰው ያላየ አንባቢ ጥቂት ሳይሆን አይቀርም። አራት ሰረዝ ያሰምራል፤ አምስተኛውን በላያቸው ላይ አጋድሞ ያሰምራል፤ እንደገናም ይጀምራል። አላፊ አግዳሚው ሥራ የፈታ ሰው ይመስለዋል። እኛ ግን ይህ ሰው ከብዙ ባለሥልጣን ይልቅ የመንገድን ዕድል የሚወስን ነው ብለን እናምናለን። እርሱ ያሰመረው ሰረዝ ተደምሮ፣ ተባዝቶና ተካፍሎ አንዱ መንገድ አስፋልት እንዲለብስ፣ ሌላው በጠጠር እንዲቀር፣ ሦስተኛውም ያለ ድልድይ እንዲኖር ምክንያት ይሆናልና። ስለዚህ የዚህን እትም ርእሰ አንቀጽ ለዚሁ ሰረዝ ሰጥተነዋል። ጉዳዩ የምሕንድስና ተማሪዎች ብቻ ነው የሚል ቢኖር፣ እስከ መጨረሻው ድረስ እንዲታገሠን እንለምነዋለን።

በመጀመሪያ ስለ መዓርጉ። መንገድ ሁለት ዓይነት መዓርግ አለው፤ ሁለቱን የሚያደባልቅም ብዙ ነው። አንደኛው መዓርግ በሥራው የሚሰጠው ሲሆን፣ በአገራችን አመዳደብ አምስት ደረጃ አለው። አዲስ አበባን ከጠረፍና ከታላላቅ ከተሞች የሚያገናኘው ዋና አውራ ጎዳና «ኤ» ይባላል፤ ታላላቆቹን ከተሞች እርስ በርሳቸው የሚያያይዘው አገናኝ መንገድ «ቢ» ነው፤ በክፍለ ሀገር ደረጃ ወደሚታወቁ ከተሞች የሚያደርሰው ዋና መዳረሻ «ሲ»፣ ከዚያ በታች ያለው ሰብሳቢ መንገድ «ዲ»፣ በመጨረሻም የገበያ ቦታዎችንና ትንንሽ ከተሞችን የሚያገናኘው መጋቢ መንገድ «ኢ» ይባላል። ይህ መዓርግ መንገዱ ማንን ከማን እንደሚያገናኝ ይናገራል እንጂ፣ ስንቱ እንደሚሄድበት አይናገርም። ሁለተኛው መዓርግ ከቁጥር የሚመጣ ነው። የመንገዱን ስፋትና ንጣፍ፣ ከመሬቱ አቀማመጥ ጋር እየታየ፣ በብዙው የሚቆርጠው ይኸኛው ነው። በቀን ከ300 ያነሰ ተሽከርካሪ የሚያልፍበት መንገድ ዝቅተኛ የትራፊክ መጠን ያለው ይባላል፤ ከዚህም ውስጥ በቀን ከ25 የማይበልጥ ለሚያልፍበት የመጨረሻው ደረጃ ተመድቦለታል።

ይህ ቁጥር በባለሙያዎች ዘንድ የዓመቱ አማካይ የቀን ትራፊክ ይባላል። ትርጉሙ ቀላል ነው፤ በዓመቱ ያለፈው ተሽከርካሪ ሁሉ ለ365 ይካፈላል። ሥራው ግን ቀላል አይደለም። በየመንገዱ ዳር 365 ቀን የሚቀመጥ ሰው ከየት ይመጣል? በሌላ አገር መንገዱን አቋርጦ የተዘረጋ የጎማ ቱቦ፣ ወይም ከአስፋልቱ ሥር የተቀበረ የሽቦ ጥቅል ይህን ይሠራል። በእኛ አገር አብዛኛው ሥራ በሰው ዓይንና በእርሳስ ሲከናወን የኖረ ነው። ስለዚህ በናሙና ይቆጠራል፤ አንድ ሳምንት ያህል፣ አብዛኛውን ቀን በብርሃኑ ሰዓት፣ አንዳንዱን ቀን ሌሊቱንም ጨምሮ። ከዚያም ስለ ሌሊቱና ስለ ወራቱ ልዩነት በማስተካከያ ቁጥር እየተባዛ ሳምንቱ ዓመት ይሆናል። ጥበቡም አደጋውም እዚህ ላይ ነው። በጥር እህል ወደ ገበያ ሲጫን የተቆጠረና በሐምሌ ወንዝ ሲሞላ የተቆጠረ አንድ መንገድ፣ በወረቀት ላይ ሁለት መንገድ ነው። የቅዳሜ ገበያ ያለበትን መንገድ ማክሰኞና ረቡዕ ብቻ ቆጥሮ የተመለሰ ሰውም የገበያውን መንገድ አልቆጠረም።

ቆጣሪው ሰረዙን ሁሉ በአንድ ዓምድ አያሰፍርም። ለአውቶሞቢል፣ ለላንድሮቨርና ለመሰሎቹ፣ ለትንሽና ለትልቅ አውቶቡስ፣ በየመጠኑ ለጭነት መኪና፣ ለተሳቢም እያለ ይለያል። ይህም ያለ ምክንያት አልተደረገም። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ በኢሊኖይ ግዛት፣ ኦታዋ በምትባል ከተማ አጠገብ፣ የተጫኑ መኪናዎች በተዘጋጀላቸው መንገድ ላይ ሌሊትና ቀን እንዲመላለሱ ተደርጎ ነበር። ከዚያ ፈተና የተገኘው ትምህርት፣ በአንድ አክስል ላይ ያለው ክብደት እጥፍ ሲሆን በመንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት እጥፍ ሳይሆን ወደ 16 እጥፍ የሚጠጋ መሆኑ ነው። እንግዲህ የጅቡቲን መንገድ የሚፈጨው አውቶሞቢል ሳይሆን ከልኩ በላይ የጫነ ተሳቢ ነው፤ በየአውራ ጎዳናው የክብደት ሚዛን የቆመውም ስለዚሁ ነው።

እስከዚህ ድረስ ሙያውን አመሰገንን። አሁን ወደ ቅሬታችን እንግባ።

ቆጠራው ያለፈውን ይቆጥራል፤ ሊያልፍ ፈልጎ ያልቻለውን አይቆጥርም። እንበልና አንድ መጋቢ መንገድ ድልድይ የለውም። ክረምት ሲገባ ወንዙ ይዘጋዋል፤ በበጋም ድንጋዩ ጎማ ስለሚበላ ባለመኪናው አልሄድም ይላል። ቆጣሪ ይላካል፤ በቀን ስድስት መኪና ያገኛል፤ ስድስት ብሎ ይጽፋል። ለስድስት መኪና ድልድይ መሥራት አያዋጣም ይባላል። ከሦስት ዓመት በኋላ ሌላ ቆጣሪ ይሄዳል፤ አሁንም ስድስት ናቸው፤ ምናልባትም አምስት። ቁጥሩ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን የለካው የመንገዱን ክፋት እንጂ የሕዝቡን ጉዳይ አይደለም። ምጥ የጠናባትን ሴት በቃሬዛ ተሸክመው በዚያው መንገድ ያለፉት ስምንት ሰዎችስ በየትኛው ዓምድ ይሰመሩ?

ምሕንድስናው ይህን አያውቅም ማለታችን አይደለም። የወደፊቱ ትራፊክ ሲተነበይ በሦስት ወገን ይከፈላል፤ ነባሩ፣ ከሌላ መንገድ የሚዛወረው፣ መንገዱ በመሻሻሉ ምክንያት አዲስ የሚመነጨው። ይህ ሦስተኛው እኛ የምንለው ሰው ነው። ነገር ግን የመጀመሪያውን መንገድ ዳር ተቀምጠን ስንቆጥረው፣ ሦስተኛውን ብዙ ጊዜ በጠረጴዛ ላይ በመቶኛ እንገምተዋለን። በስድስት ላይ የፈለጉትን መቶኛ ቢጨምሩበት ምን ያህል ይሆናል?

እግረኛውም ቢሆን ጨርሶ አልተረሳም። እ.ኤ.አ. በ2011 የኢትዮጵያ መንገዶች ባለሥልጣን ያወጣው የዝቅተኛ ትራፊክ መንገዶች መመሪያ፣ አውቶሞቢልን 1 ብሎ፣ ለእግረኛ 0.15፣ ለብስክሌት 0.2፣ እንስሳ ለሚጎትተው ትንሽ ጋሪ 0.7፣ በበሬ ለሚሳብ ጋሪ 2 ሰጥቷል። ሰባት ሰው ተደምሮ አንድ አውቶሞቢልን ጥቂት አለፍ አለ ማለት ነው። ይህን ሰምቶ «የሰው ልጅ ተዋረደ» ብሎ የሚቆጣ አይጠፋም። እኛ አልተቆጣንም። ቁጥሩ የሚለካው በመንገድ ላይ የሚያዘውን ቦታ ነው እንጂ ክብርን አይደለም፤ 0.15 ደግሞ ከዜሮ ይበልጣል። ሐሳቡም ደግ ነው፤ እግረኛውና ጋሪው ሲበዛ የመንገዱ ትከሻ እንዲሰፋ ነው። በዚሁ ሒሳብ በአንድ የገበያ ቀን 2,000 ሰው በእግሩ የሚያልፍበት መንገድ የ300 አውቶሞቢል ያህል ቦታ ይጠይቃል። (የገበያ ቀን የዓመቱ አማካይ አለመሆኑን የሒሳብ ወዳጆቻችን ሳያስታውሱን እኛው እንናገራለን።) የኛ ጥያቄ ሌላ ነው። በ0.15 የሚባዛውን ሰው ማን ቆጠረው? መመሪያው ቦታ ሰጥቶት የቆጣሪው ወረቀት ዓምድ ከነፈገው፣ ዜሮ በ0.15 ተባዝቶ ያው ዜሮ ነው።

ነገሩ የገጠር ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ የሚበልጠው በእግር ነው፤ በመኪና አደጋ ከሚሞቱትም አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የቀለበት መንገድ ሲሠራ መኪናው ሳይቆም እንዲከንፍ ታሰበለት፤ የሰው መሸጋገሪያው ግን ራቅ ራቅ ብሎ ስለ ተሠራ፣ ሕዝቡ የመካከሉን ግንብ እየዘለለ ሲሻገር ኖረ። ይህን ያየ ሁሉ ሕዝቡን ሥርዐት የለሽ ይለው ነበር። ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው በየቀኑ ስንት ሰው በእግሩ እንደሚሻገር ቀድሞ ተቆጥሮ ቢሆን ኖሮ፣ ድልድዩ የሚቆምበትን ቦታ እግሩ ራሱ ባሳየ ነበር። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በመዲናዪቱ ዋና ዋና ጎዳናዎች ዳር የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ሲሰፋ አይተናል፤ ይህ መልካም ነው። ከከተማ ሲወጡ ግን አህያውም፣ ተማሪውም፣ ተሳቢውም በአንድ ጠባብ ጠርዝ ላይ ይጋፋሉ።

«ሁሉን ለመቁጠር ገንዘብ ከየት ይምጣ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ሲቋቋም አገሪቱ የነበራት መንገድ 6,400 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ በ1989 ዓ.ም. ወደ 26,550 ደርሶ ነበር፤ ዛሬ ከመቶ ሺህ በላይ ነው። ከዚህ ውስጥ ብዙው ወረዳንና ቀበሌን የሚያገናኘው ታችኛው ደረጃ ነው። በየአንዱ መንገድ ላይ ደመወዝተኛ ቆጣሪ ማስቀመጥ እንደማይቻል እናውቃለን። ነገር ግን በእነዚህ መንገዶች ጫፍ ተወልዶ፣ በእነርሱ በእግሩ ሄዶ፣ ዛሬ በዚህ ግቢ የተቀመጠ ተማሪ ሞልቷል። ያለ ደመወዝ ሊቆጥር የሚችል እርሱ ነው።

ስለዚህ በበኩላችን የምንለው ይህ ነው። የመንገድ ትምህርት የሚሰጡ መምህራኖቻችን ለልምምድ በሚያዘጋጁት የቆጠራ ወረቀት ላይ ለእግረኛ፣ ሸክም ለያዘ እግረኛ፣ ለአህያና ለበቅሎ፣ ለጋሪ፣ ለሞተር ብስክሌትና ለባጃጅ ዓምድ እንዲጨምሩልን እንጠይቃለን። ተማሪው ደግሞ፣ የየትኛውም ፋኩልቲ ቢሆን፣ ለዕረፍት ወደ አገሩ ሲመለስ ሁለት ቀን ይስጠን፤ አንድ የገበያ ቀንና አንድ ተራ ቀን፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታው 12 ሰዓት። ወንዝ ያለበት ቦታ ከሆነ መንገደኛውን «ውሃው ሲሞላ በየት ትሄዳላችሁ? ምንስ ትተዋላችሁ?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱንም እንደ ተነገረው ይጻፍ። የተሞላው ወረቀት በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ተሰብስቦ አንድ ቅጂ ለትምህርት ክፍሉ፣ አንድ ቅጂ ለየወረዳው የመንገድ ጽሕፈት ቤት እንዲላክ ሐሳብ እናቀርባለን። ቅጹን በሚቀጥለው እትም እናወጣለን፤ ስቴንስሉንና ቀለሙን ማኅበሩ ይችላል፤ እርሳሱን ግን እያንዳንዱ ከራሱ ይዞ ይምጣ።